ያልተተኛ ሌሊትና የሚጨምር ኪሎ

ብዙ የሚተኛ ሰው ይወፍራል፣ እንቅልፍ ያጣ ይከሳል የሚለው እምነት በሕዝብ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። አረፋፍዶ የሚነሳ ሰው ቦርጭ ሲያወጣ ጎረቤት በእንቅልፉ ያመካኛል፤ በሐሳብ ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ጉንጩ ሲጎድል ደግሞ «እንቅልፍ አጥቶ ከሳ» ይባላል። እምነቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የተኛ ሰው ሰውነት ከነቃው ያነሰ ኃይል ያቃጥላል፤ የልብ ምት ይረግባል፣ ጡንቻ ይፍታታል፣ የሰውነት ሙቀትም ጥቂት ዝቅ ይላል። በዚህ ስሌት ብቻ ቢኬድ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ያደረ ሰው ሲነጋ ቀልሎ መገኘት ነበረበት።

ስሌቱ በቤተ ሙከራ ተፈትሿል። የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 (የሚከተሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጥናት ሰባት ወጣቶች ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ግን ሳይተኙ እንዲያድሩ ተደረገ፤ የሚያስገቡትና የሚያስወጡት አየር እየተለካ ያቃጠሉት ኃይል ተሰላ። የስምንት ሰዓት እንቅልፍ ማጣት ያስከተለው ተጨማሪ ወጪ በአማካይ 134 ካሎሪ ብቻ ነበር። ይህ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብዙም አይርቅም። ተሳታፊዎቹ በሚቀጥለው ጊዜ ሲተኙ ደግሞ ሰውነታቸው ከወትሮው ያነሰ አቃጠለ፤ ከወጣው ከፊሉን መልሶ ቆጠበ። ነቅቶ ማደር ያከሳል ለሚለው እምነት ከቁጥሩ የሚገኘው ድጋፍ ይህን ያህል ቀጭን ነው። ዋናው ጉዳይ ያለው በወጪው ሳይሆን በገቢው በኩል ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን፣ ምን ያህልና መቼ ይበላል በሚለው ላይ።

እዚያው ኮሎራዶ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ሌላ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። 16 ጤነኛ ወጣቶች ለሁለት ሳምንት ያህል በቤተ ሙከራ ውስጥ ኖሩ። ለአምስት ቀናት በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ለሌሎች አምስት ቀናት ደግሞ አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተፈቀደላቸው። ምግብ እንደ ልብ ነበር፤ ከመደበኛው ማዕድ ሌላ ፍራፍሬና እርጎም፣ አይስክሬምና ቺፕስም እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ተቀምጦላቸዋል። እንቅልፍ ባነሳቸው ቀናት የሚያቃጥሉት ኃይል 5 በመቶ ያህል ጨመረ፤ የሚበሉት ግን ከዚያ በለጠ። አምስት ቀን ሲሞላ በአማካይ 0.82 ኪሎ ግራም ጨምረው ተገኙ። የሚገርመው ቁርሳቸው እንዲያውም አንሶ ነበር። ትርፉ የገባው ከእራት በኋላ ነው፤ ከእራት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ የቀማመሱት ተደምሮ ሲታይ ከቁርስም፣ ከምሳም፣ ከእራትም ከእያንዳንዳቸው በልጦ ተገኘ።

በዚያው ዓመት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 225 ሰዎችን ያካተተ ሙከራ ውጤቱን አሳተመ። በዚህ ዓይነት ጥናት ተሳታፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአሥርና ከሃያ ስለማይበልጡ ቁጥሩ ትልቅ ነው። እንቅልፍ የተቀነሰባቸው ሰዎች ለአምስት ሌሊት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ብቻ ተኙ። ክብደታቸው በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ ሲጨምር እንደ ወትሯቸው የተኙት እምብዛም ለውጥ አላሳዩም። ተጨማሪው ምግብ የተበላው በአመዛኙ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነበር፤ ይህ ሌላው ሰው ተኝቶ የሚያሳልፈው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የተበላው ምግብ ቀን ከተበላው ይልቅ ስብ ይበዛበት ነበር።

በአምስት ቀን የመጣ አንድ ኪሎ ግን ሙሉ በሙሉ ስብ አይደለም። ውኃ አለበት፣ በአንጀት ውስጥ ያለ ምግብ አለበት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ለመሥራት በግምት 7,700 ካሎሪ ትርፍ ያስፈልጋል፤ በአምስት ቀን ይህን ያህል ትርፍ ማስገባት ቀላል አይደለም። የበርካታ ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ አድርጎ በ2017 የታተመ ትንተና የተሻለ ግምት ይሰጣል። 11 ጥናቶችንና 172 ተሳታፊዎችን ያካተተው ይህ ትንተና እንቅልፍ የጎደለው ሰው በቀን በአማካይ 385 ካሎሪ ያህል አብልጦ እንደሚበላ፣ የሚያቃጥለው ኃይል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንደማያሳይ ደምድሟል። በደረቅ ስሌት ይህ ትርፍ ሃያ ቀን ቢቀጥል አንድ ኪሎ ስብ ይሆናል። የሰው ሰውነት ግን እንደ ደረቅ ስሌት አይሄድም፤ ክብደት ሲጨምር ወጪም ይጨምራል፣ አንድ ቀን ከልክ በላይ የበላም በማግስቱ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ትንቢት ሳይሆን እንደ አቅጣጫ ጠቋሚ መውሰድ ይበጃል።

የሚበላው ለምን ይጨምራል? ቀላሉ መልስ ጊዜ ነው። ሃያ ሰዓት የነቃ ሰው ለመብላት ሃያ ሰዓት አለው፤ ስምንት ሰዓት የተኛ ግን አሥራ ስድስት ብቻ። ይህ መልስ ትክክል ነው፣ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚርበው ጊዜ ስለተረፈው ብቻ አይደለም።

ረሃብና ጥጋብን ከሚመሩት ሆርሞኖች ሁለቱ በዚህ ርዕስ ላይ ደጋግመው ይነሳሉ። አንደኛው ሌፕቲን ነው። በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን በ1994 ያገኘው ይህ ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ በደም ወደ አንጎል ይሄዳል፤ በቂ ክምችት እንዳለም ያሳውቃል። ሌፕቲን ሲቀንስ አንጎል ክምችቱ እንደተመናመነ ቆጥሮ ምግብ ይፈልጋል። ሁለተኛው ግሬሊን ነው። ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ የጃፓን ሳይንቲስቶች በ1999 ያስተዋወቁት ይህ ሆርሞን በብዛት ከጨጓራ ይመነጫል፤ ከምግብ ሰዓት በፊት ከፍ ይላል፣ ከተበላ በኋላ ዝቅ ይላል፤ ሥራውም ማስራብ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ከእንቅልፍ ጋር በማያያዝ ረገድ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲን ያህል ስሙ የሚነሳ የለም። በዚያ የሠሩት ካሪን ሽፒገልና ኢቭ ቫን ካውተር፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በ2004 ያሳተሙት ሙከራ ትንሽ ነበር፤ ተሳታፊዎቹ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ናቸው። ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ሌሊት አሥር አሥር ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ደማቸው በሚመረመርበት ቀን ሁሉም እኩል ስኳር በደም ሥራቸው ስለሚሰጣቸው አንዱ ከሌላው አብልጦ በላ የሚያሰኝ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም እንቅልፍ በተቀነሰበት ጊዜ ሌፕቲን በ18 በመቶ ወርዶ፣ ግሬሊን በ28 በመቶ ወጥቶ ተገኘ። ወጣቶቹ ራሳቸው የተናገሩት ረሃብም በ24 በመቶ ጨመረ። ይበልጥ ያማራቸው ጣፋጭ፣ ጨዋማ ቁርጥራጭና እንደ ዳቦ ያለ ስታርች የበዛበት ምግብ ነበር። በዚያው ዓመት በዊስኮንሲን 1,024 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከቤተ ሙከራ ውጭም ተመሳሳይ ምልክት አገኘ፤ አምስት ሰዓት የሚተኙት ስምንት ሰዓት ከሚተኙት ጋር ሲነጻጸሩ ሌፕቲናቸው በ15 በመቶ ገደማ ያነሰ፣ ግሬሊናቸውም በዚያው መጠን የበለጠ ነበር።

ይህ ውጤት በጋዜጣና በሬዲዮ ብዙ ጊዜ እንደ መጨረሻ ቃል ይቀርባል፤ አይደለም። በኋላ የተሠሩ ሙከራዎች እርስ በርስ አይስማሙም። በአንዳንዶቹ ሌፕቲን አልተነቃነቀም፤ እንደ ልባቸው እንዲበሉ በተፈቀደላቸው ሰዎች ላይ እንዲያውም ከፍ አለ። በ2013ቱ የኮሎራዶ ጥናት ሰዎቹ አብልጠው የበሉት የጥጋብ ምልክቶቻቸው እየጨመሩ ሳለ ነው። ሆድ «በቃ» እያለ እጅ ወደ ሳህኑ የሚመለስ ከሆነ ምክንያቱ ከሆድ በላይ መፈለግ አለበት።

በበርክሊ፣ ካሊፎርኒያ፣ በ2013 የተሠራ የአንጎል ምስል ጥናት ወደዚያ ያመለክታል። 23 ሰዎች አንድ ጊዜ ተኝተው፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ሌሊት ነቅተው አድረው የምግብ ሥዕሎችን እያዩ ምን ያህል እንደሚፈልጓቸው ተጠየቁ። ሳይተኙ ሲያድሩ አመዛዝኖ የሚመርጠው የአንጎል የፊት ክፍል ሥራው ተዳከመ፤ ፍላጎትንና ስሜትን የሚያነሳሳው አሚግዳላ የተባለው ክፍል ግን ተቀሰቀሰ። ካሎሪ የበዛባቸውን ምግቦች የመረጡትም ያኔ ነው። የቺካጎ ተመራማሪዎች በ2016 ሌላ ፍንጭ ጨመሩ። ሰውነት ራሱ የሚያመርተው፣ አሠራሩ ካናቢስ በአንጎል ላይ ከሚሠራው ጋር የሚመሳሰል አንድ ንጥረ ነገር አለ፤ መብላትን የሚያስደስት የሚያደርገው እሱ ነው። ለአራት ሌሊት አራት ሰዓት ተኩል ብቻ በተኙ 14 ወጣቶች ደም ውስጥ መጠኑ በ33 በመቶ ከፍ አለ። በተለመደው ቀን ከቀትር በኋላ ጫፍ ደርሶ ይወርድ የነበረው አሁን እስከ ምሽት ሳይወርድ ቆየ። ወጣቶቹ በቂ ምግብ ከበሉ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ብስኩትና ከረሜላ ሲቀርብላቸው እጃቸውን መሰብሰብ አቃታቸው። ይህ ከረሃብ ይልቅ አምሮት ነው። እንቅልፍ ላጣ ሰው «ራስህን ግዛ» የሚለው ምክር ብዙ የማይሠራው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ራስን የሚገዛው ክፍል ቀድሞ ደክሟል።

የገባው ምግብ ሰውነት ውስጥ የሚስተናገድበት መንገድም ይለወጣል። ኢንሱሊን የደም ስኳር ወደ ሕዋስ እንዲገባ፣ የስብ ሕዋስ ደግሞ ያከማቸውን ወደ ደም እንዳይለቅ ያዝዛል። በ2012 ሰባት ወጣቶች ለአራት ሌሊት አራት ሰዓት ተኩል ከተኙ በኋላ ከሆዳቸው ቆዳ ሥር የተወሰደ ስብ ሲመረመር ሕዋሳቱ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ በ30 በመቶ ቀንሷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 የወጣው የመጀመሪያው የቺካጎ ጥናት ለስድስት ሌሊት አራት ሰዓት የተኙ ጤነኛ ወጣቶች ስኳር የማስወገድ አቅማቸው እንደተዳከመ፣ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶልም በምሽት ዝቅ ማለት ሲገባው ከፍ እንዳለ ዘግቦ ነበር። ይህ ከውፍረት ይልቅ ወደ ስኳር በሽታ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ይሁንና ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ።

ለመቀነስ የሚጥር ሰው ከሁሉም በላይ ሊያውቀው የሚገባው ግን በ2010 ከዚያው ከቺካጎ የወጣው ሙከራ ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው አሥር ጎልማሶች ለ14 ቀን በቤተ ሙከራው ሆነው የተመጠነ፣ ከወትሮው ያነሰ ምግብ ተመገቡ። ከወራት በኋላ ያንኑ ምግብ ለሌላ 14 ቀን ደገሙት። የተለወጠው ነገር እንቅልፍ ብቻ ነበር፤ በአንዱ ዙር አልጋ ላይ የሚቆዩት ስምንት ሰዓት ተኩል፣ በሌላው አምስት ሰዓት ተኩል። ምግቡ በሳህን ተመዝኖ ስለሚሰጥና ከውጭ ስለማይገባ አምሮት የሚያስከትለው ጥፋት እዚህ ቦታ አልነበረውም።

በሁለቱም ዙር ተሳታፊዎቹ ወደ ሦስት ኪሎ ቀነሱ። ሚዛን ላይ ብቻ የቆመ ሰው ልዩነት አያይም ነበር። የቀነሰው ምን እንደሆነ ሲለካ ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። በደንብ በተኙበት ጊዜ ከጠፋው ክብደት 1.4 ኪሎ ስብ ነበር፤ ባልተኙበት ጊዜ 0.6 ኪሎ ብቻ። ከስብ ሌላ የሆነው፣ በአብዛኛው ጡንቻ የሚገኝበት የሰውነት ክፍል፣ ደግሞ በመጀመሪያው 1.5 ኪሎ፣ በሁለተኛው 2.4 ኪሎ ቀነሰ። እንቅልፍ ሲያንስ ሰውነት ስቡን ይዞ ጡንቻውን አወጣ ማለት ነው። ግሬሊንም ከፍ ብሎ ነበር፣ ረሃቡም በረታ። ጡንቻ ተቀምጦም ኃይል የሚያቃጥል አካል ስለሆነ የሚጠፋው ጡንቻ በኋላ ክብደቱ እንዳይመለስ የሚደረገውን ትግል ያከብደዋል። አሥር ሰው ጥቂት ነው፣ 14 ቀንም አጭር ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጋር የተነጻጸረበት፣ ምግቡም በግራም የተቆጠረበት ሙከራ ስለሆነ በዚህ መስክ ካሉት ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት ተርታ ይሰለፋል። ጂም ለመግባት ሲል ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ፣ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩን ሲነካካ የሚያመሽ ሰው የሚያገኘው ውጤት ከዚህ ሙከራ ሊገመት ይችላል።

የሚጨምረው ስብ የት ይቀመጣል የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በቆዳ ሥር ያለው ስብ መልክን ይለውጣል እንጂ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ አደገኛው በሆድ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። ማዮ ክሊኒክ በ2022 ባሳተመው ጥናት 12 ወፍራም ያልሆኑ ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በሌሊት አራት ሰዓት ብቻ ተኝተው እንደ ልባቸው በሉ። በቀን ከ300 ካሎሪ በላይ ጨምረው በሉ፤ ጠቅላላ የሆድ ስባቸው በ9 በመቶ፣ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ደግሞ በ11 በመቶ አደገ። ይህ በስካን ምስል የታየ ነው፤ ክብደታቸው የጨመረው ጥቂት ብቻ ስለሆነ ተራ ሚዛን አይነግርም ነበር። እንቅልፋቸው ከተመለሰላቸው በኋላ ምግባቸው ቢቀንስም፣ ክብደታቸው ቢወርድም የሆድ ውስጥ ስቡ ለተወሰኑ ቀናት መጨመሩን አላቆመም።

እነዚህ ሁሉ አጫጭር ሙከራዎች ናቸው። የዓመታት ታሪክ የሚገኘው ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ከተከታተሉ ጥናቶች ነው። ከነዚህ አንዱ የአሜሪካ ነርሶች ጥናት ሲሆን 68,183 ሴቶችን ለ16 ዓመት ተከታትሏል። በሌሊት አምስት ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት ሰባት ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ በዚያ ዘመን ውስጥ በአማካይ 1.14 ኪሎ አብልጠው ጨመሩ፤ ወደ ከፍተኛ ውፍረት የመግባት ዕድላቸውም በ15 በመቶ በለጠ። በኒውዚላንድ ደኒዲን በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ልጆችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ በልጅነታቸው ትንሽ ይተኙ የነበሩት በ32 ዓመታቸው ወፍረው የመገኘት ዕድላቸው እንደሚበልጥ አሳይቷል።

በ16 ዓመት አንድ ኪሎ ብዙ አይደለም ሊባል ይችላል፤ ልክም ነው። ስለ እንቅልፍ የሚጻፉ ጽሑፎች ውፍረትን ሁሉ በእንቅልፍ ማጣት ላይ ሲጭኑ ይህን አማካይ መርሳታቸው ያስተዛዝባል። እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያትና ውጤትን አጥርቶ አይለይም። ችግረኛ፣ የታመመ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው እንቅልፍም ያጣል፣ ምግቡም ይበላሻል። ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል። ውፍረት ራሱ እንቅልፍ ይነሳል። በአንገትና በጉሮሮ ዙሪያ የተከማቸ ስብ በእንቅልፍ ሰዓት የአየር መንገዱን ሲያጠብ ሰውየው በኃይል ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ይቋረጣል፣ ደንገጥ ብሎ ይነቃል፣ መልሶ ይተኛል። ይህ በሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋ ወፍራም ሰው ሰነፍ ተብሎ ከመታማቱ በፊት ለዚህ በሽታ መመርመር አለበት። ክብደት ሲቀንስ በሽታው እንደሚሻል በሚገባ የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ቲርዜፓታይድ የተባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከፍተኛ ውፍረት ላላቸው የዚህ በሽታ ሕመምተኞች መፍቀዱም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ከእንቅልፍ መጠን ሌላ ሰዓቱም የራሱ ሚና አለው። የሰውነት የውስጥ ሰዓት ቀን ለመብላት፣ ሌሊት ለመጾም የተቃኘ ነው። በቦስተን 16 ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሰዎች የተሳተፉበት የ2022 ሙከራ አንድ ዓይነት ምግብ፣ በአንድ ዓይነት መጠን፣ አንድ ጊዜ በወቅቱ፣ አንድ ጊዜ በአራት ሰዓት ዘግይቶ አቀረበ። እንቅልፋቸው አልተቀነሰም። ምግቡ ሲዘገይ ግን ረሃባቸው በረታ፣ ሌፕቲን ቀነሰ፣ የሚያቃጥሉት ኃይልም አነሰ። እዚህ ላይ የሌሊት ተረኞች ዕጣ ይታሰባል። አንድ የአዲስ አበባ የጥበቃ ሠራተኛ እራቱን ቤቱ በልቶ ለአዳር ይወጣል፤ ወደ እኩለ ሌሊት ብርዱን ለመከላከል ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ፣ ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንቅልፉን ለመዋጋት ለስላሳና ብስኩት ይወስዳል። ጠዋት ቤቱ ሲደርስ ቁርስ ቀርቦ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በፀሐይና በልጆች ጫጫታ መካከል አራት ሰዓት ያህል ይተኛል። የበላው ሁሉ ሰውነቱ ለምግብ ባልተዘጋጀበት ሰዓት የገባ ነው። የሆስፒታል ተረኛ ነርስ፣ የሌሊት ታክሲ ነጂ፣ በዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ማቆሚያ በሥራ የሚያድር ኢትዮጵያዊ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች አሠሪዎቿ እስኪተኙ የምትጠብቅና ከእነሱ ቀድማ የምትነሳ የቤት ሠራተኛ ሁሉ በዚሁ መስመር ላይ ናቸው።

የማይተኛ ሁሉ ግን አይወፍርም፤ ይህንንም ሳይመልሱ ማለፍ አይቻልም። ጫት የሚቅም ሰው ለምሳሌ ሌሊቱን አፍጥጦ ሊያድር ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ቀጫጮች ናቸው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ እንቅልፍን እንደሚያባርር ሁሉ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ምርቃናው እስካለ ድረስ አፍ አይከፈትም፤ ካሎሪው የሚመጣው ለጨብሲ ቢራ ሲጠጣ ነው። ሌላው ምሳሌ ከታንዛኒያ ሐድዛ፣ ከናሚቢያ ሳንና ከቦሊቪያ ጺማኔ ሕዝቦች የተገኘ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት እነዚህ ያለ ኤሌክትሪክ የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ብቻ እንደሚተኙ ለክቷል፤ በመካከላቸው ግን ውፍረት ብርቅ ነው። ቀን ሲያድኑና ሲለቅሙ ወይም ሲያርሱ ይውላሉ፣ ሌሊት የሚከፈት ማቀዝቀዣም የላቸውም። ሁለቱም ምሳሌዎች አንድ ነገር ያጠናክራሉ፤ እንቅልፍ ማጣት የሚያወፍረው በአፍ በኩል አልፎ ነው። አፍ ከተዘጋ ወይም የሚበላ ነገር በአቅራቢያ ከሌለ ውፍረቱ አይመጣም። ይህ ግን ጫትን ለመመረቅ አይደለም፤ የማያወፍር እንቅልፍ ማጣትም ልብንና አእምሮን ከመጉዳት አይመለስም።

የጎደለውን በሰንበት መተካት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በኮሎራዶ በ2019 ተፈትኗል። አንዱ ቡድን ዘጠኝ ሌሊት በተከታታይ አምስት አምስት ሰዓት ተኛ፤ ሌላው አምስት ቀን እንዲሁ ከተኛ በኋላ ቅዳሜና እሑድ የፈለገውን ያህል ተኝቶ እንደገና ወደ አምስት ሰዓት ተመለሰ። ሁለቱም ቡድኖች ከእራት በኋላ ይበሉ ነበር፣ ሁለቱም ክብደት ጨመሩ። በሰንበት የተኙት በእነዚያ ሁለት ቀናት የማታ መብላታቸው ቀነሰ እንጂ ሰኞ ሲመጣ ወደ ነበሩበት ተመለሱ፤ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽም አልዳነም።

ቁም ነገሩ ያለው በተቃራኒው ሙከራ ነው። እንቅልፍ የሚያጥረው ሰው እንቅልፉ ቢረዝምለት መብላቱ ይቀንሳል? የቺካጎዋ ተመራማሪ ኤስራ ታሳሊ በ2022 ይህን በተሳታፊዎቹ በራሳቸው ቤት ፈተሸችው። ከ21 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ፣ በሌሊት ከስድስት ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ሰዎች ተመረጡ። ግማሾቹ ስለ መኝታ ልማዳቸው አንድ ጊዜ በየግላቸው ምክር ተሰጣቸው፤ በተለይም ከመኝታ በፊት ስልክና ኮምፒውተር እንዲያስቀምጡ። ስለ ምግብ ምንም አልተነገራቸውም፣ ስፖርት ሥሩም አልተባሉም። እንቅልፋቸው በአማካይ በ1.2 ሰዓት ረዘመ።

የበሉት መጠን የተለካበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የበላውን አስታውሶ የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ አሳንሶ ይናገራልና። ተሳታፊዎቹ ከተለመዱት የከበዱ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ዓይነቶች ያሉበት ውኃ ጠጡ፤ አይጎዳም፣ ጣዕሙም አይለይም። ሃይድሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣው በውኃ መልክ ብቻ ሲሆን ኦክስጅኑ ደግሞ በውኃም በሚተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። በሽንት ናሙና የሁለቱ አወጣጥ ልዩነት ሲሰላ ሰውየው በቀን ምን ያህል ኃይል እንዳቃጠለ ይታወቃል፤ በዚያ ላይ የክብደት ለውጡ ሲታከል የበላው ይገኛል። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፤ እንቅልፋቸው የረዘመላቸው ሰዎች እንቅልፋቸው ካልተለወጠው ጋር ሲነጻጸሩ በቀን በአማካይ 270 ካሎሪ ያህል አሳንሰው በሉ። የሚያቃጥሉት ኃይል አልተለወጠም።

የእንቅልፍ ለውጡ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው፤ ተሳታፊዎቹም ጊዜ ኖሯቸው እንቅልፍን ያሳጠሩ እንጂ በሥራ ወይም በበሽታ እንቅልፍ የተነፈጉ አልነበሩም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበራት በ2015 ያወጡት መመሪያ ለጎልማሳ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይላል። ማታ የሚጠጣ ቡናንም ማሰብ ያስፈልጋል፤ የካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የተጠጣ አቦል እኩለ ሌሊት ላይም ከፊሉ በደም ውስጥ ነው። በእንቅልፍ ሰዓት ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው መፍትሔው ቀድሞ መተኛት ሳይሆን ሕክምና ነው። ለሌሊት ተረኛ ደግሞ የሚቻለው ዋናውን ምግብ ከሥራ በፊት መብላት፣ በእኩለ ሌሊትና በንጋት መካከል የሚበላውን ማሳነስ፣ ቀን የሚተኛበትን ክፍል ማጨለም ነው። በጥናቶቹ ውስጥ ኪሎው የገባው በማታና በሌሊት በተበላው ነበርና።